ብቻዬን ስወጣ፦ የጣና ደሴቶች ወይስ የሰሜን ተራሮች?

የእንጦጦዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለኅዳር መጨረሻ የስምንት ቀን ፈቃድ አለኝ፤ የምጓዘው ብቻዬን ነው። ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ባሕር ዳር ተቀምጬ የጣናን ገዳማት በጀልባ ልዙር፣ ወይስ ከደባርቅ ተነሥቼ ሰሜን ተራሮችን በእግሬ ልያዝ?

እንድትመክሩኝ ያህል፦ ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ዋና አልችልም። እንጦጦና የረርን ያለ ችግር እወጣለሁ፣ ድንኳን ውስጥ ግን አድሬ አላውቅም። የነቢያትን ጾም እጾማለሁ። ለብቻ ለሚሄድ ሰው የትኛው ይቀላል? የትኛውስ ኪስ ይጎዳል? ሁለቱንም በስምንት ቀን ማዳረስ ይቻላል ወይስ ከሁለት ያጣ መሆን ነው? ራስ ደጀንንም ሰዎች እየነገሩኝ ነው።

ባለታንኳ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡ። ጀልባ የሚከራየው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። አንድ ሰው ተሳፈረበት አሥር፣ ነዳጁ ያው ነው። ለብቻሽ ከያዝሽው ሙሉው ዋጋ አንቺ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከዋዜማው ማታ ጀምረሽ ሆቴልሽን ወይም ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ያሉትን የጀልባ ማኅበራት «ነገ ዘጌ የሚሄድ ሰው አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ቅዳሜና እሑድ ለዘጌ ሰው አይጠፋም። ለደቅ ደሴትና ለናርጋ ሥላሴ ግን ጓደኛ ማግኘት ይከብዳል፤ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ነዳጁም በዚያው ልክ ነው። ዘጌ በአንጻሩ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው።

ስትዋዋዪ እነዚህን ሳትጨርሺ አትሳፈሪ፦ የትኞቹ ገዳማት እንደሆኑ በስም፣ ጀልባው በየቦታው ምን ያህል እንደሚጠብቅሽ፣ ዋጋው ነዳጁን ይጨምር እንደሆነ። የገዳማቱ መግቢያ በየቦታው ለየብቻ ስለሚከፈል ከጀልባው ዋጋ ጋር አይደባለቅብሽ። ዝርዝር ብር ያዢ፤ ደሴት ላይ መልስ የሚሰጥሽ የለም።

ስለ ዋናው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ችግሩም ከዚያ ይመጣል። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ነፋስ ሲነካው ረጅምና ዝግ ያለ ማዕበል አያወጣም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተደጋገመ ሞገድ ነው የሚያወጣው፣ ትንሽ ጀልባን ፊት ለፊት እያነሣ ይጥላል። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወይም 1 ሰዓት ላይ ተነሺ፤ ለዘጌ ከሆነ እስከ 7 ሰዓት ባሕር ዳር ተመለሺ። ላይፍ ጃኬቱ ጀልባው ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ ከወደቡ ሳትነሺ ልበሽው፣ መቆለፊያዎቹ መሥራታቸውንም እይ። ተሰብሮ በገመድ የታሰረ ከሆነ ሌላ ጠይቂ። ስትወርጂ ደግሞ ውኃው ውስጥ አትግቢ፤ ዳርቻው ላይ ብልሃርዝያ (ከውኃ በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል) ስላለ ጀልባው ድንጋዩ ጋ እስኪጠጋ ጠብቂ።

ውኃው ጨርሶ ካስፈራሽ ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ልሳነ ምድር ነው። እስከ አፋፍ ከተማ በመኪና ሄደሽ በቡናውና በጌሾው ጫካ ውስጥ በእግርሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሻለሽ።

ወለተ፦

ባለታንኳ አንድ ትልቅ ነገር ዘለልክ። ጠያቂዋ ሴት ናት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ዳጋ የነገሥታቱ አስከሬን ያለበት ስለሆነ ጀልባ ነጂዎች «ናርጋና ዳጋ» እያሉ አንድ ላይ ይሸጡታል፤ አንቺ የዳጋውንም ከፍለሽ ዳርቻ ላይ ትቀመጫለሽ። በቡድን ከሄድሽም ወንዶቹ ክብራን ሲወርዱ አንቺን በቅርቡ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ላይ እንዲያወርዱሽ ገና ወደቡ ላይ ተነጋገሪ፤ እሷ የሴቶች ገዳም ናት። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ናርጋ ሥላሴ ሁሉም ይገባሉ። ጊዜ ካለሽ ናርጋን አትለፊው፤ ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ በግድግዳው ሥዕል ላይም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች።

ነጠላ ያዢ፣ ረጅም ቀሚስ ልበሺ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጊ። የወር አበባሽ ከዚያ ሳምንት ጋር የሚገጥም ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስለማትገቢ ቀኖቹን ከአሁኑ አስተካክዪ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ በጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ሥዕሎቹን ለማየት ጠዋቱ ነው የሚመቸው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጠዋት ስለሚቀደስ ተቃራኒው ነው፤ ባለታንኳ የነገረሽ ርካሽ የቡድን ጀልባ በብዛት የሚገኘው በእነዚያ ቀናት መሆኑን አስቢበት። ፍላሽ አታብሪ።

ጓሳ፦

የተራራውን ልንገርሽ። እዚያ ለብቻ የሚሄድን ሰው የሚጎዳው ቋሚ ወጪው ነው። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳይመዘግብሽ አትገቢም፤ የታጠቀ ጥበቃ ደግሞ ግዴታ ነው። እሱ ለአንድ ሰውም ለአምስትም አንድ ነው። ከዚያ በቅሎና ባለ በቅሎው፣ የእግር ጉዞው እስከሚጀመርበት ቡይት ራስ የሚያደርስሽ መኪና፣ ከመጨረሻው ካምፕ ከጨነቅ የሚመልስሽ መኪና አለ። ከሁሉም የሚከብደው መኪናው ነው። ጥሩው ዜና አማርኛ ተናጋሪ መሆንሽ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ለቋንቋ ብሎ የሚቀጥረውን ሁሉ አንቺ አያስፈልግሽም። ምግብ አብሳይም ለአንድ ሰው ቅንጦት ነው። የጥበቃውንና የባለ በቅሎውን ስንቅ ማን እንደሚችል ግን እዚያው ቢሮ ውስጥ ተነጋግረሽ ጨርሺ፤ በመንገድ ላይ ኩርፊያ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

አሁን መንገዱ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ካምፖቹ ደግሞ፦ ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። አዲስ አበባ 2,350 ላይ ስለምትኖሪ ከባሕር ጠለል ከሚመጣ ሰው ቀድመሻል፣ ግን ይህ ከከፍታ ሕመም ነፃ አያደርግሽም። እንጦጦ 3,200 ይደርሳል ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ እንጦጦ ወጥተሽ ወርደሽ ቤትሽ ነው የምታድሪው፣ ሰውነትን የሚፈትነው የሚያድሩበት ከፍታ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሪ። በማግስቱ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፣ ከዚያ በገደሉ ጠርዝ ይዞ ሳንካበር ድረስ ሦስት አራት ሰዓት ነው። ከሳንካበር ግጭ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ በመካከሉ የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ አሻግረሽ ታያለሽ፣ ኋላም ወንዙን ተሻግረሽ ሽቅብ ነው። ከግጭ ጨነቅ በእሜት ጎጎ ጫፍ በኩል ከተኬደ ሙሉ ቀን ነው፤ ከሰባት ሰዓት በታች አትጠብቂ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው። ከቆላው የሚነሣው ጉም ረፋዱ ላይ ገደሉን ይሞላዋልና በማለዳ ድረሺ።

አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ። ሳንካበርና ጨነቅ በመኪናው መንገድ ላይ ናቸው፣ ግጭ ግን አይደለም። ግጭ ላይ ሌሊት ብትታመሚ መኪናው ጋ ለመድረስ የሰዓታት እርምጃ አለብሽ። ስለዚህ የሳንካበሩ ሌሊት መፈተኛ ነው። ጠዋት ስትነሺ ራስ ምታት ብቻ ከሆነና ውኃ ጠጥተሽ፣ ቀምሰሽ ከለቀቀሽ ቀጥዪ። ራስ ምታቱ ሳይለቅ ማቅለሽለሽ ከጨመረ እዚያው ሁለተኛ ሌሊት እደሪ፣ ወይም ግጭን ትተሽ በመኪናው መንገድ ሂጂ። እግር መወላከፍ፣ የአነጋገር መዛባት፣ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው። አሲታዞላማይድ የሚባል ኪኒን አለ፤ ለመከላከል የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይነካውም። አንቺም አስቀድመሽ ሐኪም ጠይቂ።

ራስ ደጀንን በዚህ ጉዞ እርሺው። ሰው ካርታ አይቶ ከጨነቅ ቅርብ ይመስለዋል። ከጨነቅ ተነሥተሽ የቧሂትን ተራራ በ4,200 ሜትር ገደማ ተሻግረሽ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር ድረስ ትወርጃለሽ፤ ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ሽቅብ። የወረድሽውን ሁሉ ስትመለሺ ትወጪዋለሽ። ቢያንስ ሦስት ቀን ይጨምራል፣ ለጉልበትም ከሁሉ የሚከፋው ቁልቁለቱ ነው።

ስለ ብርዱ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለቅዝቃዜ የተሠራ የመኝታ ከረጢት፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ፍራሽ፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት የግድ ናቸው። ፍራሹን አትናቂው፤ ሰውን የሚያበርደው ከላይ ካለው አየር ይልቅ ከሥር ያለው መሬት ነው። ጋቢ ካምፕ ላይ ጥሩ ነው፤ ከረጠበ ግን ሸክም ነው፣ አይደርቅም። ባለ በቅሎው ካንቺ ጋር እኩል ስለማይሄድ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ባትሪና ውኃ ሁልጊዜ በራስሽ ቦርሳ ይሁኑ። ስልክሽንና ፓወር ባንክሽን ሌሊት ከረጢቱ ውስጥ አቅፈሽ ተኚ፣ ብርድ ባትሪ ይበላል።

የእንጦጦዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ ተራራው አድልቻለሁ፣ ግን ዘጌንም አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ። ቅደም ተከተሉ እንዴት ይሁን? ደግሞ በጾም ምን እየበላሁ ነው ያን ሁሉ የምሄደው?

ባለታንኳ፦

ጣናን አስቀድሚ። ባሕር ዳር 1,800፣ ጎንደር 2,100 ገደማ፣ ደባርቅ 2,850፤ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ነው። እግርሽም ትኩስ ሆኖ ተራራ ይደርሳል።

ጓሳ፦

ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለሚመጣ ሰው ባለታንኳ ልክ ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ግን ያ ደረጃ መውረድ ነው፤ የሚያተርፈው ነገር የለም። ተራራውን ማስቀደም ያለብሽ በሌላ ምክንያት ነው፦ ቀን የሚበላው ተራራው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደርሰሽ ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ሊሆንብሽ ይችላል፣ በቅሎ ሊጠፋ፣ ሳንካበር ሁለት ሌሊት ልታድሪ ትችያለሽ። መጠባበቂያው ቀን ከኋላ ካለ የሚቀነሰው የዘጌ ጉዞ ነው። ጣናን አስቀድመሽ ተራራው ላይ ቀን ካለቀብሽ ግን ራስሽ እየታመመ በግድ ትወጫለሽ። አደጋ የሚመጣው እንደዚያ ነው።

ቲኬቱን በጎንደር መግቢያ፣ በባሕር ዳር መውጫ አድርገሽ ቁረጪ። በሥራ ቀን ማለዳ ጎንደር ግቢና 100 ኪሎ ሜትሩን በመኪና ይዘሽ ደባርቅ እደሪ፤ ከሰዓት በኋላ ምዝገባውን ጨርሺ። ሁለተኛው ቀን ሳንካበር፣ ሦስተኛው ግጭ፣ አራተኛው በእሜት ጎጎ ጨነቅ። አምስተኛው ቀን በማለዳ ወደ ቧሂት የምትችይውን ያህል ውጪ፤ ዋልያ የሚታየው በብዛት በዚያ አካባቢ ነው። ቀትር ላይ ጨነቅ ተመልሰሽ በቀጠርሽው መኪና ውረጂ። መኪናውን ደባርቅ ሳለሽ ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጪለት፣ ግማሹንም ብቻ ክፈዪ። በዚያ የሚያልፍ የጃናሞራ ወረዳ አውቶቡስና የጭነት መኪና አለ፣ ግን ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ስድስተኛው ወደ ባሕር ዳር መንገድ፣ ሰባተኛው ዘጌ፣ ስምንተኛው በረራ።

የሐይቅ ዳር፦

ሁላችሁም ስለ መንገዱ ዝም አላችሁ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። የጎንደር–ባሕር ዳርም የጎንደር–ደባርቅም መንገድ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሊሆን ይችላል። ከመነሣትሽ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ደባርቅ ላለ አስጎብኚና ጎንደር ላለ ሾፌር ለየብቻ ደውዪ፤ ሁለቱ የተለያየ ነገር ከነገሩሽ አትሂጂ። መልሱ «ትንሽ ጠብቂ» ከሆነ ፈቃድሽን አታባክኚው፤ በደቡብ በኩል ተመሳሳይ የሐይቅና የተራራ ጥንድ አለ።

ዝዋይ ወይም ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ደምበል ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቋ ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለች። የዛይ ሕዝብ አገር ነው። ጀልባውም፣ የከሰዓቱ ነፋስም፣ ብልሃርዝያውም ባለታንኳ እንዳለው ነው፤ ጉማሬም ስላለ ነጂው ቄጤማ ውስጥ አቋርጦ እንዳይሄድ ንገሪው። ከዚያ ወደ ባሌ ተራሮች። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። እዚህ ዕቃ የሚጫነው በብዛት በፈረስ ነው። የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። ቀይ ቀበሮ ለማየት ከሰሜን ይልቅ ባሌ ይሻላል፣ በዓለም ላይ ካለው ትልቁ ክፍል ያለው እዚያ ነውና። ሰነቴን የመኪና መንገድ ስለሚያቋርጠው ጎባ አድረሽ ቀን ቀን ብቻ መውጣትም ትችያለሽ፤ ድንኳን ላላየ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ዝዋይ 1,640 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ተነሥተሽ በዚያው ቀን ዲንሾ ካደርሽ በአንድ ሌሊት 1,400 ሜትር ጨመርሽ ማለት ነው። ቀጣዩን ቀን ዲንሾ ዙሪያ ኒያላ እያየሽ ዋዪ።

ወለተ፦

ለብቻሽ ስለሆንሽ ሁለት ነገር ልጨምር። ድንኳንሽን ከሌሎች መንገደኞች ወይም ከካምፑ ጠባቂ አጠገብ ትከዪ፤ እንዲህ ያለውን ብትጠይቂ ማንም ክፉ አይልሽም። የእያንዳንዱን ሌሊት ማደሪያ፣ የጥበቃውን ስምና የተቀጠረውን መኪና ሰሌዳ ቁጥር ለቤተሰብ ትተሽ ሂጂ፣ «በዚህ ቀን እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ እዚህ ደውሉ» ብለሽ። ካምፖቹ ላይ ስልክ በብዛት አይሠራም፤ ጥበቃው የትኛው ጉብታ ላይ እንደሚይዝ ያውቃል።

ጓሳ፦

የጾሙ ስንቅ ቀርቶ ነበር። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለጀርም ይበቃል፤ ሦስት ደቂቃ ካንተከተክሽው ይጠጣል። ጥራጥሬ ግን አያበስልም፤ ሙሉ ባቄላና ሽምብራ ነዳጅሽን ጨርሶ ጥሬውን ይቀራል። ክክ ምስር፣ ሽሮ፣ ቀጭን ፓስታ፣ ኩስኩስ ያዢ። በፓርኩ ውስጥ እንጨት ማንደድ ስለማይፈቀድ ምድጃ ደባርቅ ላይ ተከራዪ፣ ነዳጅም እዚያው ገዝተሽ ውጪ፤ የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን አይጫንም።

ቀን ላይ ምግብ አታብስዪ። በሶ ከስኳር ጋር፣ የገብስና የሱፍ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ተምር፣ ዳቦ ቆሎ። በቀን ግማሽ ኪሎ ደረቅ ስንቅ ብትመድቢ አይበዛም። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ሳይርብሽ በየሰዓቱ እፍኝ እፍኝ ቅመሺ። እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምሺ የምትጾሚ ከሆነ ሳትነሺ ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ከግጭ ጨነቅ ያለው ቀን ባዶ ሆድ የሚሄዱበት አይደለም። ውኃ በቀን ከሦስት እስከ አራት ሊትር፣ ጨውና ስኳር ያለበት የተቅማጥ ዱቄት ሁለት ሦስት ፓኬት ጨምሪ። እንጀራ ከደባርቅ ይዘሽ ብትወጪ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ከሽሮ ጋር ለመፈትፈት ደግሞ ያው ድርቆሹ ይሻላል።